ከመዝገቡ እስከ ሰሌዳው፦ አካቶ ትምህርት ያልተሻገረው ርቀት

የሁለተኛ ክፍል መምህርት የፊደል ገበታው ላይ በዘንግ እያመለከተች ትጠይቃለች። ከመጀመሪያው ረድፍ ከጀመረች ስልሳውም ልጅ በአንድ ድምፅ ይከተላታል፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲባል ዜማው ራሱ ይወስደዋል። ዘንጉን ድንገት ወደ ገበታው መሃል አዙራ አንዱን ፊደል ለብቻው ስትነካ ግን ድምፁ ይሳሳል። ገሚሱ ዝም ይላል፤ ጥቂቱ ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ ይደርስበታል፤ ሌላው የጎረቤቱን ከንፈር ያያል። ዝም ካሉት አንዱ ከተቀመጠበት ሆኖ ፊደሉን አጥርቶ ማየት የማይችል ሊሆን ይችላል። ሌላው ጆሮው ስለሚመግል መምህርቷ ያለችውን የሰማው በከፊል ነው። አንዷ ደግሞ ዓይኗም ጆሮዋም ደኅና ሆኖ ፊደልን ከድምፅ ማዛመድ ብቻ ነው የሚከብዳት። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣም አለ። ለመምህርቷ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ የምታየው ያልገባው ልጅ ፊት ነው።

የአካቶ ትምህርት ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሰናከለውም እዚሁ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የተደረገው ጥረት በአመዛኙ ልጁን ከቤት አውጥቶ ትምህርት ቤት ማስገባት ላይ ያተኮረ ነበር። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይደበቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ደብተር ይዞ ከእኩዮቹ ጋር ሲሄድ ማየት ብዙ ሰው የደከመበት ውጤት ነው። ልጁን የተቀበለው ክፍል ግን ያው የድሮው ነው፦ አንድ ፍጥነት፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት ፈተና፣ በመምህሩ ሐሳብ ውስጥ የተሣለ አንድ «መደበኛ» ተማሪ። አሁን መለወጥ ያለበት ክፍሉ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍሉ ሲለወጥ የሚጠቀሙትም በአካል ጉዳተኝነት የተመዘገቡት ብቻ አይሆኑም።

ጊዜውም ይህን ለመጠየቅ የተመቸ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ያወጣው የዐሥር ዓመት ማስተር ፕላን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 የሚዘልቅ ነበር፤ ዘመኑ አብቅቷል። ከእሱ በፊት በ1998 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው ነበሩ። ወደ ኋላ ከሄድን እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔኗ ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤት ማንኛውንም ልጅ ተቀብሎ ማስተማር አለበት ሲሉ ተስማምተዋል፤ የእኛም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጥቷል። የሰነድ ችግር የለብንም።

በሰነዶቹ መካከል ግን ልብ ሊባል የሚገባው የአነጋገር ልዩነት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የሚረዳው የአገሪቱ አቅም በፈቀደው ደረጃ እንደሆነ ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን በአንቀጽ 24 ትምህርትን እንደ መብት ያስቀምጣል፤ ልጁ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓቱ ውጭ ሊደረግ አይችልም ይላል። ወረዳ ላይ በጀት ሲከፋፈል የሚታሰበው የመጀመሪያው ነው። ወንበርና ጠመኔ ከተገዛ፣ ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ የተረፈ ካለ ለልዩ ፍላጎት ይታያል። ይህ የባለሙያዎች ክፋት አይደለም፤ ነገሩ መጀመሪያውኑ እንደ ዕርዳታ እንጂ እንደ ትምህርት ስላልታየ የመጣ ልማድ ነው።

ስንት ልጆችን ነው የምናወራው? በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 ከመቶ ገደማ አድርጎ ነው ያገኛቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘገባ ግን ለኢትዮጵያ የያዘው ግምት 17.6 ከመቶ ነው። የሁለቱ ርቀት የመጣው ከአጠያየቅ ነው። ቆጣሪ ደጃፍ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ቢል ቤተሰቡ የሚያስበው ጨርሶ የማያይ፣ ጨርሶ የማይሰማ፣ መራመድ የማይችል ሰው ነው፤ ያውም ለመናገር ካላፈረ። «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለማስታወስ፣ ሐሳብን ለመግለጽ የሚቸገር አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ ይሆናል። ትምህርት ቤትም ያው ነው። መስከረም ላይ በሚሞላው ቅጽ የሚገባው በዓይን የሚታየው ጉዳት ነው። ለቅጹ ያልታየ ልጅ ለበጀቱም አይታይም፤ በክፍል ውስጥ የሚያገኘው ስም ደግሞ «ሰነፍ» ወይም «ፈዛዛ» ነው።

ላለፉት ዐሥር ዓመታት የመንግሥት ዋና መሣሪያ የነበረው የአካቶ ትምህርት የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው። አሠራሩ በወረቀት ላይ ብልህነት አለው። በአንድ ጉድኝት ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ይመረጣል፤ የብሬል መጻፊያ፣ የምልክት ቋንቋ መማሪያ፣ የተለያየ መርጃ መሣሪያ ይሰጠዋል፤ የሠለጠነ የልዩ ፍላጎት መምህር ይመደብለታል፤ ያ መምህር በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ መደበኛ መምህራንን ይደግፋል። የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙም ለእነዚህ ማዕከላት ገንዘብ መድቧል። ሁሉም ትምህርት ቤት ሁሉን ነገር ይኑረው ማለት ስለማይቻል እውቀቱንም ዕቃውንም ማጋራት ትክክለኛ መነሻ ነው።

የሚጣመመው «እየዞረ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ለመዞር የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያ ብዙ ጊዜ የለም። ርዕሰ መምህሩም ያለውን ሰው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልኮ ክፍል ባዶ ማድረግ አይፈልግም፤ መምህር ሲጎድልበት የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን አማርኛ ወይም ሥነ ዜጋ እንዲያስተምር ይመድበዋል። ከጊዜ በኋላ ማዕከሉ ከግቢው ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ትሆናለች። ዕቃው እንዳይጠፋ ይቆለፋል። መደበኛው መምህር ያስቸገረውን ልጅ ወደዚያ ይልካል፤ ልኮም እፎይ ይላል። መምህሩን ማስተማር የነበረበት ማዕከል ልጁን ከመምህሩ ማራቂያ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያልሆኑ ማዕከሎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በእነሱ ዘንድ ሁልጊዜ የሚገኘው ግን ነገሩን እንደ ግል ጉዳዩ የያዘ ርዕሰ መምህር ነው። አንድ ሰው ሲዛወር የሚፈርስ ሥራ ደግሞ ገና ሥርዓት አልሆነም።

ሁሉንም ልጅ በአንድ ክፍል ማስቀመጥ በራሱ ማካተት አለመሆኑን ከማንም በላይ የሚያሳዩት መስማት የተሳናቸው ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እናትና አባት የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ስለዚህ ልጁ በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሊመጣ የሚችለው ከቤተሰቡ ጋር የተግባባበትን ጥቂት የእጅ ምልክት ብቻ ይዞ ነው። ሌሎቹ ልጆች ቋንቋ ይዘው ነው ማንበብ ለመማር የሚመጡት፤ እሱ ግን ገና ቋንቋውን ራሱን መጀመር አለበት። እንዲህ ያለውን ልጅ ምልክት ቋንቋ በማያውቅ መምህር ፊት፣ ስልሳ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ብቻውን ማስቀመጥ ለብዙ ዓመት ዝምታ እንደ መፍረድ ነው። ደብተሩን ብታዩት ይገርማችኋል። ጽሑፉ ያማረ፣ መስመሩን የጠበቀ፣ ከሰሌዳው አንዲት ነጥብ ያልጎደለበት ነው። መምህሩም «ራይት» አድርጎበታል። ከጻፈው ውስጥ አንዱን ቃል ጠቁማችሁ ትርጉሙን ብትጠይቁት ግን የለም፤ የገለበጠው ሥዕል ነው።

ስለዚህ በመካኒሳ፣ በሆሳዕና እና በአልፋ ትምህርት ቤቶች እንደተሠራው መስማት የተሳናቸው ልጆች እርስ በርሳቸው እየተግባቡ በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከአካቶ መርህ ጋር ይጋጫል የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በቋንቋው ካልተማረ በኋላ የሚቀላቀልበት ነገር አይኖረውም። ጥያቄው መለየትና መቀላቀል ሳይሆን መቼ፣ በምን ዝግጅት የሚለው ነው። ከልዩ ክፍል ወደ መደበኛው ሲዛወር አስተርጓሚ አለ ወይ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ ተመራቂ አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ ግን አስተርጓሚ የሚባል ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መደቡ ከሌለ ቅጥር የለም፤ ቅጥር ከሌለም መስማት የተሳነው ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በጓደኞቹ ማስታወሻ ላይ ይቀራል።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በዚህ ረገድ ረዘም ያለ ታሪክ አላቸው። ከሰበታና ከሻሸመኔ ትምህርት ቤቶች የወጡ ብዙዎች መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው የትነበርሽ ንጉሴ በአምስት ዓመቷ ነው የዓይን ብርሃኗን ያጣችው፤ ሻሸመኔ ተምራ፣ ከዚያ በመደበኛ ትምህርት ቤት ቀጥላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታለች። መንገዱ እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ለውጥ ባመጣ ቁጥር ዓይነ ስውሩን መርሳቱ የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት፣ «ይህንን ተመልከቱ» እያለ ያስተምር ነበር፤ ምን እንደሚመለከቱ አይናገርም ነበር። መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ በማያገኘው ድምፅ ነበር የሚናገረው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ዓይነ ስውርና አንድ መስማት የተሳነው ተማሪ ከአዘጋጆቹ ጋር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር።

ብሬሉም የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ነው የሚጻፈው፤ በፊደላችን አንድ ሆሄ የሆነው እዚያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ነጥቡም እንዳይጨፈለቅ ሆኖ ነው የሚጠረዘው። በቦርሳ የሚገባው የታሪክ መጽሐፍ በብሬል ሲሆን በርከት ያሉ ጥራዞች ይወጡታል። የመማሪያ መጻሕፍት በተቀየሩ ቁጥር፣ በቅርቡ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንደሆነው፣ የብሬሉ ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህም ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በሚነበብ መልክ ማባዛት የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ማጽደቋ የሕጉን እንቅፋት አንሥቷል። የሚቀረው መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ፋይሉ በዚያው ቀን ወደ ብሬልና ወደ ድምፅ ሥራ እንዲሄድ በውሉ ውስጥ ማስገባት ነው።

የሒሳቡን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ለብዙ ዓመታት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በላይኛዎቹ ክፍሎች ሒሳብ እንዳይማሩና እንዳይፈተኑ ተደርጓል። በርኅራኄ የተጀመረ ነገር ነው። ውጤቱ ግን ተማሪው ገና በልጅነቱ ከኢኮኖሚክስ፣ ከኮምፒውተር፣ ከስታቲስቲክስ መራቅ ነው። ሒሳብ በዓይን ብቻ የሚሠራ ትምህርት አይደለም፤ የብሬል የሒሳብ አጻጻፍ አለ፣ በእጅ የሚዳሰስ ቅርጽ አለ፣ አባከስ አለ። የሌለው የሚያስተምረው መምህር ነው። መምህር ስለሌለን ትምህርቱን ከልጁ መቀነስ ከባድ በደል ነው፤ ለተቀነሰበት ልጅ ይቅርታ የተደረገለት ስለሚመስለው ደግሞ አቤት የሚል እንኳ የለም።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ መንገዱን የጠረጉት ወላጆች ናቸው፤ በተለይም እናቶች። ዘሚ የኑስ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜም ድረስ አልተኛችም። ልጆቹ ከድምፅ ተነሥተው ማንበብ እንዲማሩ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችውን ዘዴ አዘጋጅታለች። ከዚያ በፊት ኦቲዝም የሚለው ቃል በብዙ ቤት አይታወቅም ነበር፤ የሚታወቀው እርግማንና ፀበል ነበር። ግን እስከ መቼ ነው አንድ እናት ትምህርት ቤት ካልከፈተች ልጇ የማይማረው? እንዲህ ያሉት ማዕከላት ተራ የሚጠብቁ ወላጆችን ማስተናገድ አቅቷቸዋል፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ያለው ወላጅ ደግሞ የሚጠብቀው ተራም የለውም።

አሁን ወደዚያች የሁለተኛ ክፍል መምህርት ጉዳይ፣ ማለትም ምንም ስም ወዳልተሰጣቸው ልጆች ልመለስ፤ ትልቁ ቁጥር እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ሦስቱም እኩል መዝገብ ላይ አሉ፣ እኩል ዩኒፎርም ለብሰዋል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ አይደግምም የሚለው አሠራር መልካም ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ መጣል ምንም አያስተምረውም። ግን አሠራሩ የተነደፈው ተከታታይ ምዘናና ተጨማሪ ድጋፍ ጎን ለጎን ይኖራል ተብሎ ነበር። ድጋፉ ቀርቶ ዝውውሩ ብቻ ሲቀር ልጁ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል ይደርሳል። እዚያ መጽሐፉ ማንበብ ይችላል ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በኋላ ሳይንሱም የኅብረተሰብ ትምህርቱም አብሮ ይዘጋበታል። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ማለፉ ሲሰማ አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ክብደት ብዙ ተባለ። ማንበብ ሳይችሉ ስላለፉት ልጆች የተባለው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ አንዲት መምህርት እንዴት ትቻለው? አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስልሳ ልጅ ካለ ለእያንዳንዱ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ያውም ስም መጥራቱ፣ ደብተር ማውጣቱና ሰሌዳ ማጥፋቱ ሳይታሰብ። መስፈርቱ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ከ50 ልጅ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ብዙ ቦታ ይበልጣል። ሥልጠናውም ቢሆን ስለ አካል ጉዳት ዓይነቶችና ትርጓሜዎች የሚዘረዝር አንድ ኮርስ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሁሉ ስለ አካታችነት የጋራ ኮርስ ይወስዳል፤ አመለካከት ለመለወጥ ጠቃሚ ነው። ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ምን እንደሆነ ጽፎ ፈተና ያለፈ መምህር ግን ማንበብ ያቃተው ልጅ ፊት ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አልተማረም። ይህን መማር የሚቻለው ልምድ ካለው መምህር ጎን ቆሞ፣ እያዩና እየሞከሩ ነው፤ የተግባር ልምምዱ ውስጥ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ያለበት ክፍል ግዴታ አይደለም።

እጅ አጠረን የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። አስተርጓሚና ብሬል ገንዘብ ይጠይቃሉ። አብዛኛው ሌላ ነገር ግን አይጠይቅም። በደንብ የማያየውን ልጅ በቁመት ሳይሆን በዓይኑ አቅም ፊት ማስቀመጥ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፉ አለመናገር፤ የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ፤ ፊደሉን ከረድፉ አውጥቶ በካርቶን ቆርጦ ልጁ በእጁ እንዲያገላብጠው መስጠት፤ ጥያቄ ጠይቆ እጅ ያወጣውን ወዲያው ከመጥራት በልብ እስከ አምስት መቁጠር። ዓመቱ ሲጀመር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ የሁሉንም ልጅ ዓይንና ጆሮ ብታይ መነጽርና የጆሮ መድኃኒት ብቻ ይበቃቸው የነበሩ ስንት ልጆች ከ«ሰነፍ» ዝርዝር ይወጣሉ! የአዲስ አበባው የትምህርት ቤት ምገባም ከዚህ ተለይቶ መታየት የለበትም፤ ለተራበ ልጅ ከሁሉ የቀደመው የትምህርት ድጋፍ ምሳው ነው።

ልጆች ልጆችን ማስተማራቸውም ሌላው ያልተጠቀምንበት ሀብት ነው። ሞክረነው አበላሽተነዋል። አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት በሐሳቡ ጎበዙ ሌሎቹን እንዲደግፍ ነበር። በተግባር ግን ሪፖርት የሚሞላበት፣ ከትምህርት ውጭ የሆነ ዓላማም የተጫነበት ሆነ፤ የቡድን ሥራውን አንዱ ይሠራና ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። ያ ልምድ ስላስጠላን ሐሳቡን ከነአካቴው መጣል የለብንም። ሁለት ልጆች በአንድ ምንባብ ላይ ተቀምጠው አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ሲከተል፣ ከዚያ ሲለዋወጡ፣ ሪፖርት አያስፈልገውም። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል በአንድ ጊዜ ሠላሳ ልጅ የሚያነብበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም።

የሚቀጥለው ዕቅድ እነዚህን ነገሮች የሚነካው የሚለካበት ነገር ከተለወጠ ብቻ ነው። እስካሁን የምንቆጥረው ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንት ማዕከል እንደተከፈተ፣ ስንት መምህር እንደሠለጠነ ነው። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመደቡበት የኢንስፔክሽን ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ አለ፤ ኢንስፔክተሩ ክፍል ይገባል፣ ሰነድ ያያል፣ ነጥብ ይሰጣል። በሚገባበት ክፍል ሁሉ ኋላ ካሉት ወንበሮች ሦስት ልጆች መርጦ፣ ያልተማሩትን ግን በክፍላቸው ደረጃ ያለ አጭር ምንባብ ሰጥቶ ያስነብባቸው። መስማት የተሳናት ካለች ያነበበችውን በምልክት ትንገረው፤ ዓይነ ስውር ካለ መጽሐፉ በእጁ እንዳለ ይጠይቀው። የትምህርት ቤቱ ደረጃም ከዚያ ይውጣ። ርዕሰ መምህሩ የልዩ ፍላጎት መምህሩን ሌላ ትምህርት ላይ ከመመደቡ በፊት፣ ወረዳውም የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከመሰረዙ በፊት ሁለት ጊዜ የሚያስቡት ያን ጊዜ ነው።